ቦሆልን ለማወቅ አንድ ቀን ይበቃል? ስለ አንዲት የፊሊፒንስ የባሕር ዳር ክፍለ ሀገር

መንገደኛዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። በዱባይ በአንድ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ስሠራ ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። አብራኝ በአንድ ፈረቃ የምትሠራና በአንድ ክፍል የምትኖር ፊሊፒናዊት ጓደኛ አለችኝ፤ ትውልዷ ቦሆል ከምትባለው ደሴት ነው። እናቴ ያረፈች ጊዜ አገር ቤት ገብቼ ለመቅበር ሳልታደል ስቀር፣ ፈረቃዋን ለሌላ ሰው ሰጥታ ሦስት ቀን አጠገቤ ለቅሶ የተቀመጠችው እሷ ነበረች። በመጪው ሜይ የከተማቸው ቤተ ክርስቲያን ዓመታዊ በዓል ስለሚከበር ወደ ቤተሰቦቿ አብሬያት እንድሄድ ጠይቃኛለች፤ እኔም የዘጠኝ ቀን ዕረፍት አግኝቻለሁ።

ችግሩ የመጣው ትኬት ለመቁረጥ ወደ አንድ የጉዞ ወኪል በሄድሁ ጊዜ ነው። ወኪሉ ቦሆል ከሴቡ ከተማ በጀልባ ማለዳ ተሻግረው ማታ የሚመለሱባት ቦታ እንደሆነች፣ «ቸኮሌት ኮረብታዎች» የተባሉትንና ዓይነ ትልቁን ትንሽ እንስሳ ካየሁ በኋላ የቀሩትን ቀናት ቦራካይ ወይም ፓላዋን ባሳልፍ እንደሚሻል አጥብቆ ነገረኝ። ይህንኑ ለጓደኛዬ ሳጫውታት ምንም አልመለሰችልኝም፤ የያዘችውን ልብስ ማጣጠፏን ቀጠለች። ያ ዝምታዋ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ስለዚህ አገሩን የምታውቁ ወይም ያነበባችሁ ካላችሁ፣ ቦሆል ዘጠኝ ቀን የሚቆዩባት ቦታ መሆን አለመሆኗን እንድታስረዱኝ እጠይቃለሁ። አባቷ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ፊታቸው ስቀመጥ ስለ አገራቸው አንድም ነገር የማላውቅ ሆኜ እንዳልገኝ ታሪኩን አስቀድሜ ባውቅ ደስ ይለኛል። በተረፈ ሜይ ለጉዞ የሚመች ወር ነው ወይ? እንዲሁም የአሳማ ሥጋ ስለማልበላ በበዓሉ ገበታ ላይ አስተናጋጆቼን እንዳላስቀይም ምን ላድርግ?

የሎስ ባኞስ ተማሪ፦

እኅታችን፣ በቅድሚያ የእናትዎን ነፍስ ይማር። እኔ በፊሊፒንስ ሎስ ባኞስ የግብርና ትምህርት በተከታተልሁባቸው ዓመታት ቦሆልን ሁለት ጊዜ፣ ከተመረቅሁ በኋላ ደግሞ አንድ ጊዜ አይቻታለሁ። የመጀመሪያው ጉዞዬ ልክ ወኪሉ እንደመከረዎት የአንድ ቀን ነበር፤ ከአምስት ቦታ በላይ እየሮጥን አይተን፣ ምሳችንን በወንዝ ላይ በሚንሳፈፍ ምግብ ቤት በልተን ማታ ተመለስን። የቀረኝ ፎቶግራፍ ብቻ ነው። ዘጠኙን ቀን በሙሉ ለቦሆል ቢሰጡ አይጸጸቱም፤ ምክንያቴንም ዘርዘር አድርጌ ልጻፍ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቦሆል ራሷን የቻለች ክፍለ ሀገር ናት። ዋናዋ ደሴትና በዙሪያዋ የተበተኑት ከ70 የሚበልጡ ትንንሽ ደሴቶች አንድ ላይ ወደ 4,800 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋሉ፤ በ2020 በተደረገው ቆጠራ የሕዝቧ ብዛት 1,394,329 ነበር። ዋና ከተማዋ ታግቢላራን ስትሆን ከእሷ ሌላ 47 ትንንሽ ከተሞች አሉ። በሰሜን ምዕራብ የሴቡ ደሴት፣ በሰሜን ምሥራቅ የሌይቴ ደሴት ይጎራበቷታል፤ በደቡብ የቦሆል ባሕር ተንጣልሎ ከማዶው ሚንዳናው ይገኛል። ጥንታውያኑ አብያተ ክርስቲያናት የተሠሩት ከባክላዮን እስከ ሎአይ፣ ከማሪቦሆክ እስከ ሎኦን የባሕሩን ዳር ተከትለው ስለሆነ፣ ዳር ዳሩን ይዞ የሚጓዝ ሰው የአገሩን ታሪክ በየደወል ቤቱ ሥር ያገኘዋል። ወደ መሐል ሲገቡ ግን ሩዝ የሚዘራበት ሜዳና እንደ ጎጆ ክዳን የሾሉ ኮረብታዎች ይቀበሉዎታል።

አሁን ወደ ታሪኩ ልለፍ። በ1565 የስፔኑ ሚጌል ሎፔዝ ደ ሌጋስፒ መርከቦቹን ወደ ሚንዳናው ሲያቀና ነፋስ ገፍቶ ወደ ቦሆል አመጣው። የደሴቲቱ ሰዎች መርከቦቹን ሲያዩ ሸሹ፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት ፖርቱጋላውያን ከሞሉካ ደሴቶች ተባባሪዎቻቸው ጋር መጥተው ስለዘረፏቸው ነጭ ሰው ሁሉ ያው ነው ብለው ነበር። ሌጋስፒ ፖርቱጋላዊ አለመሆኑን ያስረዳላቸው በመርከብ መሪነት ይሠራ የነበረ አንድ የቦርኔዮ ሰው ነው። ከዚያ በኋላ ሲካቱና የተባለው የአካባቢው ገዥና ሌጋስፒ ከየሰውነታቸው ጥቂት ደም አፍስሰው፣ ከወይን ጋር በጽዋ ቀላቅለው ተጠጣጡ። በአገሩ ቋንቋ ይህ ቃል ኪዳን «ሳንዱጎ»፣ ማለትም «አንድ ደም» ይባላል። በታግቢላራን ቦኦል በተባለው ሰፈር ባሕሩን ፊት ለፊት እያየ የቆመው የነሐስ ሐውልት የዚሁ መታሰቢያ ነው፤ የቀረጸውም የቦሆል ተወላጅ የሆነው ዝነኛው ናፖሊዮን አብዌቫ ነው። ድርጊቱ የተፈጸመው በእኛ ወደብ ነው የሚሉ የሎአይ ሰዎችም ስላሉ፣ ይህን ነገር ከጓደኛዎ አባት ጋር ለጨዋታ መክፈቻ ሊያደርጉት ይችላሉ። የፊሊፒንስ መንግሥት ለውጭ አገር ዲፕሎማቶች የሚሰጠው ኒሻንም ከ1953 ጀምሮ በሲካቱና ስም ይጠራል።

አስጎብኚዎች በዚህ ያቆማሉ፤ እኔን የሚያሳዝነኝም ይኸው ነው። ምክንያቱም የዚያው የቃል ኪዳን ደሴት ሰዎች ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ በስፔን ላይ ተነሥተው 85 ዓመት ሳይበገሩ ኖረዋል። ከ1744 እስከ 1829 የቆየው የዳጎሆይ አመፅ በፊሊፒንስ ታሪክ ረጅሙ ነው። መነሻው ግብር ወይም መሬት ብቻ አልነበረም፤ የቀብር ጉዳይ ነበር። የፍራንሲስኮ ዳጎሆይ ወንድም ሳጋሪኖ ሹም ነበርና ከክርስትና የኮበለለን አንድ ሰው እንዲይዝ ታዞ ሄደ፤ ሰውየውም ተከላክሎ ገደለው። ያዘዙት ኢየሱሳዊ ቄስ ጋስፓር ሞራሌስ ግን ሟቹ ሰው ለሰው ተጋጥሞ ነው የሞተው ብለው ፍትሐት ከለከሉት፣ ሬሳውም ሳይቀበር ለቀናት ቆየ። ወንድሙ የማለው ያን ጊዜ ነው። መጀመሪያ 3,000 ያህል ሰዎች ተከተሉት፤ ቁጥራቸው ውሎ አድሮ ወደ 20,000 ደረሰ። በመሐል አገሩ ተራሮችና ዋሻዎች ውስጥ የራሳቸውን መንደር መሥርተው እያረሱ፣ ልጅ እየወለዱና እያሳደጉ ኖሩ። ዳጎሆይ ራሱ ፍጻሜውን ሳያይ ሞተ። በመጨረሻ ገዥው ሪካፎርት ብዙ ጦር ልከው አመፁን ካበቁ በኋላ 19,420 ሰዎች ምሕረት ተሰጥቷቸው በአዳዲስ መንደሮች እንዲሰፍሩ ተደረገ፤ ከእነዚህ መካከል ባቱዋንና ባሊሊሃን ዛሬ የታወቁ ከተሞች ናቸው። ስሙንም «ዳጎን ሳ ሁዮሆይ» ከሚለው፣ «የነፋስ ክታብ» ከሚል ትርጉም ጋር አያይዘው ይተርኩታል፤ ክታቡ ከሸለቆ ሸለቆ እንደ ነፋስ ያሻግረው ነበር ይባላል።

እንግዲህ አባታቸውን ምን ልጠይቃቸው ካሉኝ፣ ስለ ዳጎሆይ ይጠይቋቸው። ወንድምን በክብር መቅበር ያልቻለ ሰው ሐዘን ምን እንደሆነ እርስዎ በሚገባ ያውቃሉ፤ እሳቸውም ይህን ያዩልዎታል ብዬ አስባለሁ። በኋላ የመጣውን በአጭሩ ለመጥቀስ፣ ቦሆል በ1854 ከሴቡ ተለይታ ራሷን የቻለች ክፍለ ሀገር ሆነች፤ በ1900 አሜሪካውያን ገቡ፤ በ1942 ጃፓኖች፣ በ1945 እንደገና አሜሪካውያን ተተኩ። የፊሊፒንስ 8ኛ ፕሬዚዳንት የነበሩትና «ፊሊፒናዊ ይቅደም» በሚለው የኢኮኖሚ መመሪያቸው የሚታወቁት ካርሎስ ጋርሲያ የተወለዱት በዚሁ ክፍለ ሀገር በታሊቦን ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በዱባይ የተለማመዱት ታጋሎግ ካለ ይገባቸዋል፤ የቤታቸው ቋንቋ ግን ቢሳያ ነው። ጠዋት «ማአዮንግ ቡንታግ»፣ ሲያመሰግኑ ደግሞ «ዳግሃንግ ሳላማት» ቢሉ የቤቱ ሰው ሁሉ ዞር ብሎ ያይዎታል።

ኖራና ድንጋይ፦

ከላይ የተጻፈውን በደስታ አነበብሁት። እኔ በሙያዬ የጥንት ሕንፃዎች ጥገና መሐንዲስ ነኝ፤ ወደ ቦሆል የሄድሁት ከ2013ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ የተደረገውን የአብያተ ክርስቲያናት ጥገና ለማየት ነው። ለእኔ የዚያች ደሴት ነገር ሁሉ በአንድ ቁስ ላይ የቆመ ነው፤ እርሱም ጥቃቅን የባሕር ፍጥረታት የሚሠሩት ድንጋይ፣ ኮራል ነው።

ከታግቢላራን ብዙ በማይርቀው በባክላዮን የሚገኘውን ቤተ ክርስቲያን ሲጎበኙ እባክዎን ወደ መሠዊያው ከመሄድዎ በፊት ግድግዳውን ጠጋ ብለው ይዩት። ድንጋዩ በእጅ ሲዳሰስ ሻካራ ነው፤ በጥንቃቄ ሲመለከቱት እንደ ማር እንጀራ የተቀነበቡ ጥቃቅን ቀዳዳዎች፣ እዚያም እዚህም የቀንድ አውጣ ቅርፊት ጠርዝ ይታይዎታል። ከባሕር ወጥቶ በአራት ማዕዘን የተጠረበ ኮራል ነው። ኢየሱሳውያን ባክላዮን የገቡት በ1596 ሲሆን አሁን ያለው የድንጋይ ሕንፃ የተጠናቀቀው በ1727 ነው። ማያያዣውን ኖራ ለማጠንከር የእንቁላል ነጭ በብዛት ይጨመርበት እንደነበር የአገሩ ሰዎች ይናገራሉ። ይህን ስሰማ ደብረ ሊባኖስ አጠገብ ያለው የድንጋይ ድልድይ በኖራና በሰጎን እንቁላል ተሠራ እየተባለ በልጅነቴ የተነገረኝ ትዝ አለኝ። ባክላዮን በደረሱ በ7ኛው ዓመት፣ በ1603፣ የዚያው የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል ፔድሮ ፓኤዝ ወደ አገራችን መግባቱን ሳስብ፣ የአንድ ዘመን ሰዎች በሁለት ዳርቻ የሠሩትን እያየሁ እንደሆነ ተሰማኝ።

ቸኮሌት ኮረብታዎች የተባሉትም ከዚሁ ከኮራል የመጡ ናቸው። ቁጥራቸው እንደ ቆጣሪው ከ1,268 እስከ 1,776 ይባላል፤ ካርመን፣ ባቱዋንና ሳግባያን በተባሉት ከተሞች ዙሪያ ከ50 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይዘው ተዘርግተዋል። አብዛኞቹ ከ30 እስከ 50 ሜትር ከፍታ ሲኖራቸው ትልቁ 120 ሜትር ይደርሳል። እጅግ ከረጅም ዘመን በፊት ባሕር ውስጥ የተከማቸው የኮራልና የዛጎል ድንጋይ ከምድር ውስጥ በመጣ ግፊት ከውኃው በላይ ወጣ፤ ከዚያም ዝናቡ የኖራ ድንጋዩን እያሟሟና እየሸረሸረ ይህን ቅርጽ ሰጠው። በላያቸው የሚበቅለው ሣር ስለሆነ በዝናብ ወራት አረንጓዴ ይለብሳሉ፣ በበጋ ሣሩ ሲደርቅ ቡናማ ይሆናሉ፤ ስማቸውም ከዚህ የወጣ ነው። ሜይ የበጋው መጨረሻ ነውና ዝናቡ ካልቀደመዎት ቡናማ ሆነው ያገኟቸዋል። አፈ ታሪኩ ግን ሌላ ነው፤ አሮጎ የተባለ ግዙፍ ሰው አሎያ የምትባል ሴት አፍቅሮ እሷ ስትሞትበት ያነባው እንባ ደርቆ ኮረብታ ሆነ ይላሉ። ካርመን ላይ ካለው መመልከቻ ለመድረስ 214 ደረጃ መውጣት አለ፤ ከተቻለ ፀሐይ ሳትወጣ ይድረሱ፤ ጉሙ ከኮረብታዎቹ መሐል ቀስ እያለ ሲነሣ የሚታየውን ነገር ቀን ከአውቶቡስ የሚወርድ ሰው አያየውም።

ኦክቶበር 15 ቀን 2013 ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ 7.2 የተመዘገበ የመሬት መንቀጥቀጥ ደሴቲቱን መታት። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። ቀኑ የአረፋ በዓል ሆኖ ትምህርት ቤቶችና መሥሪያ ቤቶች በመላ አገሪቱ ስለተዘጉ እንጂ ጥፋቱ ከዚህ የከፋ ይሆን ነበር፤ በክርስቲያኖች ደሴት ላይ ብዙ ሕፃናት በሙስሊሞች በዓል ምክንያት መትረፋቸውን ሰዎቹ እስከ ዛሬ ያነሡታል። የሎኦንና የማሪቦሆክ አብያተ ክርስቲያናት ሙሉ በሙሉ ፈረሱ፤ የሎቦክና የባክላዮን ክፉኛ ተጎዱ። የወደቀውን ድንጋይ ለቅሞ ወደ ቦታው ለመመለስ ብዙ ዓመት ተደክሟል፤ የሎቦክና የሎኦን አብያተ ክርስቲያናት እንደገና የተከፈቱት በ2021 ነው። በሎኦንና በማሪቦሆክ በኩል የባሕሩ ወለል እስከ አንድ ሜትር ገደማ ተነሥቶ፣ ትናንት ዓሣ ይዋኝበት የነበረው የኮራል ወለል በአንድ ጠዋት ደረቅ መሬት ሆነ። በኢናባንጋ ደግሞ እስከ ሦስት ሜትር የሚደርስ የድንጋይና የአፈር ግድግዳ ከመሬት ብቅ አለ። ኮረብታዎቹ ያኔ እንዴት ከባሕር እንደወጡ መጽሐፍ የሚያስረዳውን ነገር እነዚያ ሰዎች በዓይናቸው አዩት። ዩኔስኮ በ2023 ቦሆልን በፊሊፒንስ የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ጂኦፓርክ (የመሬት አፈጣጠር ቅርስ የሚጠበቅበት ቦታ) አድርጎ ሲመዘግባት ምክንያቱ ይህ ሁሉ ነው።

በ2024 ግን ከኮረብታዎቹ ሥር የመዋኛ ገንዳ ያለው መዝናኛ ተሠርቶ ምስሉ ሲሰራጭ አገሩ በሙሉ ተቆጣ። ቦታው ከ1997 ጀምሮ በፕሬዚዳንት አዋጅ የተፈጥሮ ቅርስ ሆኖ የተከለለ ነው። ከቅርሱ ሥር የሚያርስና የሚኖር ሰውም ስላለ ጉዳዩ ቀላል አይደለም፤ ቢሆንም አንድ ጊዜ የተቆረጠ የኮረብታ እግር ተመልሶ አይበቅልም፣ እኔ በዚህ በኩል ቆሜያለሁ።

እኅት ከሪያድ፦

እኔ ነርስ ነኝ፤ ከቦሆላውያን ጋር አሥር ዓመት ሠርቻለሁ፤ በበዓላቸውም አንድ ጊዜ ተገኝቻለሁ። ስለ ገበታው ለጠየቁት ልመልስ።

በቦሆል የሜይ ወር በሙሉ የበዓል ወር ነው። ታግቢላራን ሜይ 1 ቀን ትጀምራለች፣ ከዚያ በኋላ አንዱ ከተማ ሲጨርስ ሌላው ይቀጥላል፤ በየአገሩ የተበተነው ሁሉ ለዚህ ወር ይመለሳል። እኛ አገር ንግሥ ሲሆን ደጁ ክፍት እንደሚሆነው ሁሉ የእነሱም ቤት ለመጣ ሰው ሁሉ ክፍት ነው፤ ሳይበሉ መውጣት ቅሬታ ያመጣል። የገበታው ዋና ነገር ሙሉውን የተጠበሰ አሳማ ነው፤ «ሌቾን» ይሉታል። ስለዚህ ጓደኛዎ እንደማይበሉ አሁኑኑ ለእናቷ እንድትነግርልዎት ያድርጉ። ከቀረበልዎት በኋላ እምቢ ማለት ነው የሚያሳፍረው እንጂ አስቀድሞ መናገር አያስቀይምም፤ ለእኔ ዓሣና ዶሮ ለብቻ ተሠርቶልኝ ነበር።

«ኡቢ ኪናምፓይ» የሚባለውን ሐምራዊ ሥራ ሥር ግን አይለፉት። ቦሆላውያን ከእጃቸው ከወደቀ አንሥተው ይስሙታል፤ በችግር ዘመን ነፍሳችንን ያተረፈ ነው ስለሚሉ ክብሩ ትልቅ ነው። «ካላማይ» የሚባለው በኮኮናት ቅርፊት የተሞላና በቀይ ወረቀት የታሸገ ጣፋጭም አለ፤ ሲመለሱ ለሥራ ባልደረቦችዎ ይዘውላቸው ይሂዱ። ከመንገድ የተመለሰ ሰው ባዶ እጁን አይገባም፤ ስጦታውን «ፓሳሉቦንግ» ይሉታል። እርስዎም ከአገራችን ቡና ጥቂት ኪሎ ቢይዙና ጀበናዎን ጨምረው አፍልተው ቢያጠጧቸው ከማንኛውም የሱቅ ዕቃ ይበልጣል።

ሙቀቱ ግን ይከብዳል፤ ከቀትር በኋላ ድንገተኛ ዝናብም ሊኖር ይችላል። ኃይለኛ አውሎ ነፋስ በብዛት የሚመጣው በዓመቱ ማገባደጃ ነው። በዲሴምበር 2021 «ኦዴት» ብለው የጠሩት አውሎ ነፋስ በቦሆል ከ100 በላይ ሰው ገድሎ ብዙ ቤት አፍርሷል፤ በዚያ ሰሞን በእኛ ክፍል የምትሠራ አንዲት ልጅ ስልክ ተቋርጦባት ለቀናት ቤተሰቧ ይኑሩ ይሙቱ ሳታውቅ በሽተኛ ስታስታምም አይቻለሁ። ጓደኛዎን ስለዚያ ጊዜ ካልጠየቋት ይጠይቋት።

መንገደኛዋ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ትናንት ማታ ስለ «ኦዴት» ጠየቅኋት። የቤታቸው ክዳን ሄዶ ነበር፤ ለማደሻው የላከችው ገንዘብ እኔ አብሬያት ስኖር ሥጋ አልበላም እያለች ያጠራቀመችው መሆኑን አሁን ገና አወቅሁ። ዘጠኙንም ቀን እዚያው እቆያለሁ፤ የወኪሉን ዕቅድ ሰርዣለሁ።

ሁለት ነገር ቀርቶኛል። ዓይነ ትልቁን እንስሳ ማየት እፈልጋለሁ፤ ነገር ግን በጎብኚ ብዛት እንደሚጎዳ አንድ ቦታ አንብቤያለሁ። ደግሞም ዋና አልችልም፤ ባሕሩን ከዳር ሆኖ ማየት ምን ያህል ያረካል?

የሎስ ባኞስ ተማሪ፦

ውሳኔዎ ደስ አሰኝቶኛል። እንስሳው ታርሲየር ይባላል፤ በአገሩ «ማውማግ» ይሉታል። በመዳፍ ላይ የሚቀመጥ፣ ክብደቱ ከ80 እስከ 160 ግራም የሚሆን ነው። እያንዳንዱ ዓይኑ ከአንጎሉ ጋር የሚስተካከል መጠን አለው፤ ዓይኑን ግን ማንቀሳቀስ ስለማይችል አንገቱን ወደ ኋላው ድረስ ያዞራል። የሌሊት እንስሳ ነው፤ ቀን የሚያዩት የተኛ ነው። በመጀመሪያው ጉዞዬ የተወሰድሁበት አንድ የግል ቦታ ላይ ጎብኚው ፎቶ እንዲያነሣው እንስሳው ይንቃ ብሎ አሳዪው ቅርንጫፉን ነቀነቀው፤ ትንሿ ፍጡር በቀጫጭን ጣቶቿ ግንዱን አንቃ ስትይዝ አይቼ እኔም ከከፈሉት አንዱ በመሆኔ አዘንሁ። ስለዚህ በኮሬላ ከተማ ወዳለው መጠበቂያ ይሂዱ፤ ይህን መጠበቂያ የሚያስተዳድረው ድርጅት የተቋቋመው በ1996 ነው። ጥቂቶችን፣ ምናልባት ሁለት ወይም ሦስት፣ በዝምታና ያለ ካሜራ ብልጭታ ነው የሚያዩት።

ዋና ስላለመቻልዎ አይጨነቁ። በአባታን ወንዝ ማታ በጀልባ ሲሄዱ ማንግሮቭ በሚባሉት፣ ጨዋማ ውኃ ውስጥ በሚበቅሉት ዛፎች ላይ የሚሰፍሩትን የእሳት ዝንቦች ያያሉ። ወደ ፓሚላካን ደሴት በጀልባ ከተሻገሩ ዶልፊን ሊያጋጥምዎት ይችላል። የደሴቲቱ ስም ማንታ የሚባለውን ትልቅ ዓሣ ከሚያጠምዱበት መንጠቆ የወጣ ነው፤ ነዋሪዎቿ ትውልድ ካለፈ ትውልድ እስኪመጣ ማንታና ዓሣ ነባሪ ሻርክ እያደኑ የኖሩ ናቸው። በ1998 አደኑ በሕግ ሲከለከል ብዙዎቹ በዚያው ጀልባ ጎብኚ የሚያሳዩ ሆኑ። እነሱን ይዘው ቢሄዱ ገንዘብዎ ለሚገባው ሰው ይደርሳል። የፓንግላው ነጭ አሸዋ ዳርቻዎች ከ2018 ጀምሮ አውሮፕላን ማረፊያም ስላላቸው ጫጫታ ይበዛባቸዋል፤ ለአንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃሉ። ጸጥታ ከፈለጉ በምሥራቁ ጫፍ ወዳለችው አንዳ ይሂዱ።

የመጨረሻው ነገር ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። ከባክላዮን አልፈው ሲሄዱ በምትገኘው አልቡርኬርኬ ላይ «አሲን ቲቡኦክ»፣ ማለትም «ሙሉ ጨው» የሚሠሩ ጥቂት ቤተሰቦች አሉ። የኮኮናት ልጣጩን ለወራት በባሕር ውኃ ጉድጓድ ይዘፈዝፉታል፤ አድርቀው ለቀናት ቀስ እያለ እንዲነድ በማድረግ አመድ ያደርጉታል፤ በአመዱ ላይ የባሕር ውኃ እያፈሰሱ የሚወርደውን ጨዋማ ጠብታ ያጠራቅማሉ። ከዚያም በእሳት ላይ በረድፍ በተደረደሩ ድስት መሳይ የሸክላ ገንቦዎች ውስጥ እየጨመሩ ለሰዓታት ያፈሉታል። መጨረሻ ላይ የገንቦው ታች ተሰንጥቆ ይረግፍና እንደ ትልቅ እንቁላል የተድቦለቦለ ግራጫ ጨው ይቀራል። ሲፈቀፈቅና ትኩስ ሩዝ ላይ ሲነሰነስ የጭስ ሽታ አለው። በ1995 የወጣው ሕግ ለገበያ የሚቀርብ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት ካዘዘ በኋላ የሚሠራው ሰው ቁጥር እጅግ ተመናምኖ ነበር፤ አሁን ግን ጥቂቶች መልሰው ይዘውታል። እሳቱ በየቀኑ ስለማይነድ፣ ጓደኛዎ አስቀድማ በስልክ ጠይቃ እሳት ባለበት ቀን ይዛዎት ትሂድ። ጭሱ ዓይን ያቃጥላልና ሻሽዎን ይያዙ።